የጓሮው ፒንግፖንግ እና የእህቴ ለቅሶ

በቡታጅራ አንዲት ባለትዳር ሴት ዘንቢል ሳትይዝ ፈጠን ፈጠን ብላ ከሄደች፣ ሰው ሞቶባታል ማለት ነው። ይህን ያላወቀው የጤና ጣቢያው ሐኪም ብቻ ነበር። ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። ስኳሬን ለክቶ ውጤቱን ደጋግሞ አየና፣ ኪኒኑ ብቻውን አይበቃዎትም፣ በየቀኑ ላብ እስኪያልብዎት ድረስ በእግርዎ ይሂዱ አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ወደ ትምህርት ቤት ከሸኘሁ በኋላ ነጠላዬን ጠበቅ አድርጌ ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ መራመድ ጀመርኩ። ወፍጮ ቤቱን ሳላልፍ አንዲት የማውቃት ሴት ከበሯ ብድግ ብላ ምነው፣ ደህና ነው አለችኝ። ደህና ነው አልኳት፤ አላመነችኝም። አንድ ባለባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ ከጎኔ ከጎኔ እየነዳ የት ላድርስሽ እያለ አስቸገረኝ። ቀጥሎ ደግሞ አብራኝ የምታመልክ አንዲት እህት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትከተለኝ አየሁ። ብዙ መንገድ ከተከተለችኝ በኋላ ደረሰችብኝና የማን ቤት ነው አለች። የማንም ቤት አይደለም፣ እንዲሁ እየሄድኩ ነው አልኳት። ወዴት ስትለኝ የትም አልኳት። አየችኝ። እንዲያ ያለ አስተያየት ለታመመ ሰው አይደለም፣ ነካ ላደረገው ሰው ነው። ማታ ሁለት ሴቶች ፔርሙስ ይዘው ምን ሆና ነው ብለው ባሌን ሊጠይቁ መጡ። ሳምንት ሳይሞላኝ መራመዱን ተውኩት።

ፍርሃቴ ግን አልተወኝም። ያኔ ሰውነቴ የእኔ አልነበረም። መጥረጊያ እንደያዝኩ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሚኒባስ ላይ ለመውጣት የረዳቱን እጅ እይዛለሁ። ውሃ ብጠጣ ብጠጣ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ከሁሉ የባሰው እግሬ ነው፤ መሬት ስረግጥ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል። ሐኪሙ እግርዎን በየቀኑ ይዩ፣ በባዶ እግር እንዳይሄዱ ብሎኝ ነበር። በባዶ እግር መሄድ በልጅነቴ ቀርቷል ብዬ ለዚያ ነገር ቁብ አልሰጠሁትም።

የምፈራው ለራሴ አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ለራሴም ፈርቻለሁ። የበለጠ የምፈራው ግን ለመጨረሻዋ ልጄ ነው። ትልልቆቹ ሥራ ይዘው ወጥተዋል። እሷ ገና አምስተኛ ክፍል ነበረች። እናት የሌላት ሴት ልጅ ምን እንደምትሆን እኔ ሰው ነግሮኝ አይደለም የማውቀው። እናቴ ስትሞት እኔ ከልጄም አንስ ነበር። ከአገና ወዲያ ካለው መንደራችን አውጥታ ወልቂጤ ያመጣችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ገበያ ቆጮ እየሸጠች አሳደገችኝ፣ እስከ አራተኛ ክፍል አስተማረችኝ፣ ዳረችኝ። እኔ እህት ነበረችኝ። ልጄ ግን እንዲያ ያለች እህት የላትም፤ ሁለቱም ታላላቆቿ ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ጸሎቴ አንድ ነበር፤ እሷ ራሷን እስክትችል በሁለት እግሬ አቁመኝ።

ስኳሩ ከእኔ በፊት የያዘው እህቴን ነው። ልጠይቃት ወልቂጤ ስሄድ በዚያ ሙቀት ወፍራም ካልሲ አድርጋ አገኘኋት። ጫማ ልጦኝ ነው አለችኝ። ሽታው ግን የተላጠ እግር ሽታ አልነበረም።

እንግዲህ ፒንግፖንጉ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ባሌ አናጺ ነው፣ እንጨት ቤቱ ከመኖሪያችን ጋር በአንድ ግቢ ነው። አልጋና በር ሲሠራ ኖሯል። የሰፈሩ ጎረምሶች መጥተው የፒንግፖንግ ጠረጴዛ ሥራልን አሉት። ሠርቶ አያውቅም፤ አልችልም ማለት ደግሞ ከሞት ይከብደዋል። መንገድ ዳር ልጆች የሚጫወቱበትን በዓይኑ ለክቶ መጣና ከኮምፔንሳቶ ቆርጦ ሠራው። አጠረ። ልጆቹ መጥተው ዞረው ዞረው አዩት። አንደኛው፣ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ክትፎ መብያ ነው አለው። ሳቁና ሄዱ። ባሌ ማታ ጠረጴዛውን ጎትቶ ጓሮ አቮካዶው ሥር ጣለው።

ልጄ አልተወችውም። አባቷን ለምና ከተረፈው ኮምፔንሳቶ ሁለት ራኬት አስቆረጠች፤ የማዳበሪያ ከረጢት ቀዶም መረብ አደረገላት። ኳሷን ከሱቅ ገዛች። የምታጫውታት አጣችና እኔን ያዘችኝ። እማዬ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ። ራኬቱን እንደ ማማሰያ ጨበጥኩት። የመጀመሪያዋ ኳስ ግንባሬን መታችኝ፣ ሁለተኛዋ ጡቴ ላይ አርፋ ቀሚሴ ውስጥ ገባች። ልጄ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ እልህ ያዘኝ። ኳሱን እያባረርኩ፣ ከአቮካዶው ሥር እየለቀምኩ፣ እየተመለስኩ እየመታሁ ትንሽ እንደቆየሁ ላቡ በጀርባዬ ወረደ። ቆም ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ሐኪሙ ያለው ይሄ ነው አልኩ። እዚህ አጥር ውስጥ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።

በየቀኑ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንመታ ጀመር። አንድ ቀን ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቴ ብቅ አለች። የመስቃን ሴት ናት፣ ሙስሊም፣ የበርበሬ ነጋዴ። ግፊት አለባት፤ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ብዙ ጊዜ አብረን ተቀምጠናል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰሞኑን ምንድን ነው እንዲህ የምትወቅጪው?" አለችኝ።

ነይና እይው አልኳት። መጥታ አየችና ወላሂ ይቺ ሴት ለይቶላታል ብላ ሳቀች። ራኬቱን ስሰጣት ግን አልተመለሰችም። የቀሚሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ሻጠች፣ ሻሿን አጠበቀች። ዕድሜዋን በሙሉ በርበሬ በሰፌድ ስታንገዋልል የኖረች ሴት ናት፤ አንጓዋ እንደ ሽቦ ነው። በአንድ ሳምንት ልጄንም እኔንም አለፈችን። ነጥብ የምትባል ነገር በነጻ አትሰጥም። ኳሷን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ታመልጠኛለች፣ ጎንበስ ብዬ ስለቅም ደግሞ ምላሷ አይቦዝንም። ኳሱ ቤትሽ ድረስ መጥቶ ጫማሽን እንዲስም ነው የምትጠብቂው ትለኛለች። ሚዛን ላይም እንዲሁ ነሽ፣ ሰው አትምሪም ስላት፣ በሚዛንማ አላህን እፈራለሁ፣ በኳስ ነው የማልምርሽ ትለኛለች። የምትመጣው ከገበያ ከተመለሰች በኋላ ነው፤ በገበያ ቀን ግን ድካሙ ስለሚበረታባት ቀርታ ታርፋለች።

እንዲህ እያልን ክረምቱ ወጣ። ለውጡን መጀመሪያ ያወቅኩት በውሃ ነው፤ ሌሊት እየተነሳሁ መጠጣቱ ቀረ። ከዚያ ሳላስበው ጀሪካን አንስቼ ቤት አስገባሁ። ሚኒባስ ላይ ረዳቱ እጁን ሲዘረጋልኝ አለፍኩት። ሐኪሙ ስኳሬን ለክቶ መሣሪያው ተሳስቷል መሰል ብሎ ደገመው። መራመድ ጀመሩ አለኝ። የለም፣ ፒንግፖንግ ነው አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እኔ ስላልሳቅኩ ግን እንግዲህ እንዳይተዉት አለኝ። ጥጥ የመርገጡ ነገር ግን አልለቀቀኝም። የእግርዎ ስሜት አይመለስም፣ ስለዚህ እግርዎን በዓይንዎ ይጠብቁት አለኝ።

ለእህቴ ደወልኩላት። እትዬ፣ አንቺም እንዲህ አድርጊ፣ ወልቂጤ የፒንግፖንግ ጠረጴዛ ሞልቶ የለ፣ ልጆችሽ ይግዙልሽ አልኳት። ሳቀች። በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ሳባርር ሰው ይየኝ፣ አንቺ ጭራሽ ልጃገረድ ሆነሻል አለች። ከዚያ ሳቋ በሳል ተቋረጠ። ልጆቿ ስልኩን ተቀብለው የእግሯ ጣት መጥቆሩን ነገሩኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ሐኪሞቹ ጣቷ ይቆረጥ ብለዋል። እሷ አሻፈረኝ ብላለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም መጥተው ጸልየው፣ ሕክምናውንም እሺ በይ ብለዋት ነበር፤ እነሱንም አልሰማችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለመንኳት። እግሯን በብርድ ልብሱ ሸፍናዋለች። ጣት ምንድን ነው እትዬ፣ ጣት እኮ ነው፣ ለማን ብለሽ ነው አልኳት።

"ሙሉ ሆኜ መጣሁ፣ ሙሉ ሆኜ እመለሳለሁ" አለችኝ። "አንቺ ድሮም ፈሪ ነሽ።"

እውነቷን ነው፣ ፈሪ ነኝ። ወደ ቡታጅራ ስመለስ መንገዱን ሁሉ የፈሪነቴን አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በገበያ ቀን ነው። እኔ ጓሮ ብቻዬን ልብስ አሰጣለሁ። የግቢው በር ተንኳኳና ጎረቤቴ ገባች። በገበያ ቀን መጥታ አታውቅም፤ መምጣቷ ደግሞ ከወትሮው በጊዜ ነው። ዛሬ በርበሬው ቶሎ አለቀልኝ፣ ነይ እንምታ አለችኝ። ልጄ የት ሄደች ስል ባሌ ከእንጨት ቤቱ ሆኖ ወደ ጓደኛዋ ቤት ልኬያታለሁ አለ። መጋዙ ቆሟል። ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰማሁ፣ ልቤ ግን አልያዘውም።

ጀመርን። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፍኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ አሸንፌያት አላውቅም። ደስታ ያዘኝና ዛሬ በርበሬው እጅሽን አቃጠለሽ እንዴ አልኳት። እርጅና ነው አለችኝ፣ ምላሷም እንዲያ ብቻ ብሎ ቆመ። ሁለተኛውን ጀመርን። ኳሶቿ መረቡ ላይ ይቀራሉ። አንድ ጊዜ ከፍ ብላ የምትንሳፈፍ ሰነፍ ኳስ ላክሁባት፤ እንዲህ ያለችዋን ኳስ ሁልጊዜ በጥፊ ነው የምትመልሳት። ያን ቀን ግን ራኬቷን ዝቅ አድርጋ ቀስ ብላ ገፋቻት። ኳሷን እንደ ጉርሻ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ያኔ አወቅኩ።

በእኛ አገር ሰው ያለ ምክንያት ሲራራልህ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ቀና ብዬ አየኋት። ኳሷ መሬት ወድቃ ስለነበር ልታነሳ ጎንበስ አለች፤ ጎንበስ እንዳለች ቆየች። ብጠይቃት አትዋሸኝም፣ ትነግረኛለች። ካልጠየቅኳት ግን እህቴ ወልቂጤ ተኝታ ትተነፍሳለች። እንጫወት አልኳት። እንጫወት አለች። ተጫወትን። እሷ ትስታለች፣ እኔ አስቆጥራለሁ። የአቮካዶው ጥላ ጠረጴዛውን አልፎ አጥሩ ላይ እስኪወጣ ድረስ ኳሷን ተቀባበልን። በመጨረሻ እጄ ዝሎ ራኬቱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ብትሆን እስከ ነገም ትቆም ነበር።

ማታ ባሌ ስልክሽ ቻርጅ የለውም ብሎ ኪሱ ከተተው። እራት አቀረብኩ፤ ቁራሽ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። አልጠየቅኩትም። ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ። ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎች፣ የጉባኤያችን ሰዎች፣ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረቤቴ ከነባሏ ሁሉም ግቢውን ሞልተው ቆመዋል። እንግዲህ መርዶ እንዲህ ነው። የበላይ ሽማግሌው ንግግሩን ሳይጨርስ እኔ መሬት ላይ ነበርኩ። ለምን ትናንት አልነገራችሁኝም ብዬ አልወቀስኩም። ስኳር ያለባት ናት፣ ሌሊቱን በድንጋጤ እንዳታድር ብለው ነው። እኔም ብሆን ለሌላው እንዲያው አደርግ ነበር።

ቀብሩ መንደራችን ነው። በሚኒባስ በአረቅጥ በኩል ወጣን፤ ደጋው ጉም ለብሶ ነበር። መኪናው ከሚቆምበት እስከ ግቢያችን ድረስ በእግር ነው። ከመኪና እንደወረድኩ መንደር የቀረውን ወንድሜን አየሁት፣ በባዶ እግሩ ቆሟል። የእህቴ ሴቶች ልጆች ሁሉም በባዶ እግራቸው ናቸው። ማንም አውልቂ አላለኝም። ጫማ አድርጎ ለእህቱ የሚያለቅስ በእኛ ዘንድ ባዕድ ነው። ጫማዬን መንገድ ዳር ወረወርኩና እያለቀስኩ ሮጥኩ። እኛ የጌታ ሰዎች ነን፤ እንደማያምኑት አትዘኑ እንባላለን፣ ዘማሪዎቹም ከድንኳኑ ይዘምራሉ። እግራችን ግን የጥንቱን ያውቃል። ከሴቶቹ መካከል ገብቼ መሬቱን ረገጥኩ። መንገዱ የመኪና ጠጠር የፈሰሰበት ነው፣ ግቢው ደግሞ ለድንኳኑ ቆርቆሮና ሽቦ ሲቆራረጥበት ያደረ ነው። ብርዱ እንኳ አልተሰማኝም። የሐዘን ብርታት መሰለኝ።

ከቀብሩ በኋላ ወልቂጤ ለቅሶ ቤቱ ፍራሽ ላይ ሰነበትኩ። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ዳቦ ይቀርባል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ ሻዩ ስኳሩ በዝቶበታል። ሐዘንተኛ አልበላም ሲል አፉን ይዘው ያበሉታል። ኪኒኔ ቡታጅራ ቀርቷል። እግሬን አጥፌ ተቀምጬ፣ ከእህቴ ልጅ የተዋስኩትን ካልሲ አድርጌ ነበር።

ቤቴ ስገባ ልጄ እግሬን ልታጥበኝ ሳፋና ሙቅ ውሃ አመጣች። ከለቅሶ የመጣ ሰው እግሩ ይታጠባል፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። አንዱን አጠበች። የሌላውን ካልሲ ስትስብ እምቢ አላት፤ ውሃ አፍስሳ አለሰለሰችውና አወለቀችው። እጇ ቆመ። ጎንበስ ብላ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ።

"እማዬ፣ ይሄ አያምሽም?"

"የቱ?" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስፈሪ ነገር ሰምቻለሁ። ያቺን የራሴን ጥያቄ ያህል ግን ያስፈራኝ የለም። ባሌን ጠራችው። ወደ እንጨት ቤቱ ሮጦ ፒንሳ ይዞ መጣና ከሁለተኛው ጣቴ ሥር የሽቦ ቁራጭ ነቀለ። በሕይወቱ ከጣውላ ላይ ስንት ምስማር ነቅሏል። እኔም እሱ ሲነቅል እንደ ጣውላው ነበርኩ፤ ተቀምጬ አየሁት እንጂ ምንም አልተሰማኝም። ያን ሁሉ ቀን ሽቦ ረግጬ ቆሜያለሁ፣ ሄጃለሁ፣ ተቀምጫለሁ።

ወጣቱ ሐኪም ቁስሉን አየና በባዶ እግርዎ ሄደው ነበር አለኝ። እህቴ ሞታ ነበር አልኩት። ሊቆጣ የከፈተውን አፉን ዘጋው። ከሌላ አገር ቢመጣም ይህን እንኳ አያስረዱትም።

በየሁለት ቀኑ ፋሻ እየተቀየረልኝ ቆየሁ። ስኳሬ ወደ ድሮው ተመልሶ ወጥቷል። ቁስሉ እየጠበበ ነው ሲባል ጣቴ ጠቆረች። ወደ ሆስፒታል ላኩኝና እዚያ ያለው ሐኪም ሳይዞር ሳያድበሰብስ ነገረኝ፤ ጣቷ ትቆረጥ፣ ዛሬ ጣት ነው፣ የሚቀጥለው ወር ምን እንደሚሆን አላውቅም። ባሌ ሌላ ቦታ እናሳይ አለ። ወንድሜ በስልክ ትንሽ ታገሱ፣ አሁን ገና ከለቅሶ ወጣን፣ ይህን ለሰው እንዴት አድርገን እንናገራለን አለ። ሁለቱም ክፉ አስበው አይደለም። እኔን ሲያዩ እህቴን እያዩ ነው። እኔም ግድግዳውን እያየሁ በብርድ ልብስ የተሸፈነው እግሯ ነበር የሚታየኝ። እሷ ደፋር ነበረች። እኔ ፈሪ ነኝ። ልጄ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ የትምህርት ቤት ቀሚሷን እንደለበሰች ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

"እሷ ሙሉዋን ሄደች" አልኩት ባሌን። "እኔ ጎዶሎ ሆኜ ልቆይ። ይቁረጡት።"

ቆረጡት። ሥጋው ከሥር ደም አለው፣ ይህን ያህል ወራት ስኳርዎን ባይዙት ኖሮ የምንነጋገረው ስለ ጣት አልነበረም አለኝ ሐኪሙ። ምን ሲሠሩ ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ይኼኛውም እንደ ወጣቱ ቀልድ መሰለው።

ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ ብዙ ቆየሁ። እስከዚያ ራኬት አልያዝኩም፤ ጎረቤቴና ልጄ ሲጫወቱ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ አያለሁ። ቁስሉ ሲዘጋ ሽፍን ጫማና ወፍራም ሶል ታዘዘልኝ። ጥቁር ልብሴን ሳላወልቅ ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። ቆሞ መምታት አዲስ ሆነብኝ። ወደ ግራ ዘንበል ስል የጎደለችው ጣት ስፍራ ላይ እግሬ ይከዳኛል፣ ጠረጴዛውን ካልያዝኩ እወድቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ላቡ መጣ። የኳሷ ድምፅ ግን ከአጥር ውጭ ይሰማል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተከተለችኝ ያቺ እህት አንድ ቀን መጥታ፣ የእህትሽ አፈር ሳይደርቅ ቤትሽ ውስጥ ጨዋታ አለ እየተባለ ነው፣ ለስምሽ አስቤ ነው አለችኝ። ጎረቤቴ ራኬቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ለእህቷ አልቅሳ ነው ጣቷን የሰጠችው" አለቻት። "ደግሞ ምን ትጨምር? እግሯን?"

ሴትየዋ ሄደች። ወሬው ግን አልሄደም። ገበያ ላይ ስናልፍ እግሬን የሚያዩ አሉ። አንዳንዶቹ ሐዘን ስላላከበረች ነው ይላሉ ሲባል እሰማለሁ። ይበሉ።

አሁን ስኳሬ መልሶ ወርዷል። ጀሪካኑን አነሳለሁ። ሌላው እግሬ ግን ልክ እንደዚያኛው ጥጥ ነው የሚረግጠው፤ ማታ ማታ ልጄ በስልክ መብራት እግሬን ትፈትሻለች፣ በየጣቶቼ መሃል ሳይቀር። በዚያ ሰዓት ትንፋሼን ይዤ ፊቷን አያለሁ። ፊቷ እስኪፈታ ድረስ አልተነፍስም። ይህ ሕመም በዘር ይሄዳል ይላሉ። እናታችን በምን እንደሞተች የሚያውቅ የለም፤ እግሯ ታሞ ነበር ይባላል። ባለፈው በጋ ልጄ በሙቀቱ ውሃ ደጋግማ ስትጠጣ አይቼ እጇን ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስለካኋት። የለባትም። አሁን የለባትም።

በቀደም አብረን ስንጫወት አስቆምኳት። አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ቁመቷ ከእኔ በልጧል፣ የአባቷ ጠረጴዛ ጭራሽ አጥሮባታል። ኳሷን በእጄ እንደያዝኩ፣ እኔ ስሞት ጫማሽን እንዳታወልቂ አልኳት። ኡፍ እማዬ፣ የሞት ወሬሽን ተይና ምቺ አለችኝ። መጀመሪያ እሺ በይ አልኳት።

"እሺ" አለች። "አላወልቅም።"

መታሁት፣ መለሰችልኝ። እሺ ማለት ይቀላል፤ እኔም ለሐኪሙ እሺ ብዬ ነበር። በቀብሬ ቀን ወንድሞቿ በባዶ እግራቸው ይቆማሉ፣ አጎቷ በባዶ እግሩ ይቆማል፣ ሴቶቹ ሁሉ ቁልቁል የእሷን እግር ያያሉ። አጠገቧ ቆማ ጫማሽን አታውልቂ የምትላት ማን እንደምትሆን አስባለሁ። ጎረቤቴ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሌላ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።